በደብረ ማርቆስ የቤት ቴአትራችንን ድምፅ ላስተካከሉልን ባለሙያ ምስጋና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ላሳለፉት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ ለሚጠራቸው ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጎጃም ውስጥ የቤት ቴአትር ያለው ሁሉ ቢያውቃቸው ደስ ይለኛል።

ወንድሜ የላከልን ሪሲቨር (የዲሽ ሪሲቨር ማለቴ አይደለም፤ የፊልሙንና የመዝሙሩን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ነው) ድምፁ ከፍ ሲል ይሻክር፣ የሰው ንግግርም ይዋጥ ነበር። አንድ ጠጋኝ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» አለን። ሌላው ለፊት ስፒከሮች የተለየ አምፕሊፋየር አስገዛንና ሲያገናኘው ጭራሽ የማያቋርጥ ጉርምርምታ መጣ።

ጋሼ እንደ መጡ ምንም ሳይፈቱ የበገና መዝሙር አስከፈቱ። በገና በክሩና በበርኩማው (ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ የራሱ ንዝረት አለው፤ እርሳቸው ያንን ከኤሌክትሪኩ ጉርምርምታ በጆሯቸው ለዩት። መዝሙሩ ሲቆም የቀረውን ድምፅ እያሰሙን «ይኼ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ የሚያሰማው» አሉ። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ አዳመጡ። ሪሲቨሩ በአንድ ግድግዳ፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ግድግዳ ሶኬት ላይ ስለ ተሰኩ የመሬት ሽቦው በሁለት መንገድ ሄዶ በድምፅ ገመዱ በኩል ይገናኝ ኖሯል። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ሲያስነሷቸው ጉርምርምታው ቀነሰ፤ የዲሹን ገመድ ሲነቅሉ ጨርሶ ጠፋ። የዲሹንም መሬት ከቤቱ መሬት ጋር አገናኝተው መልሰው ሰኩት። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብለው የመሬት ሽቦ የሚቆርጡ አሉ። ጋሼ ይህንን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ሰው ይገድላልና።

ቀጥለው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የነበረውን የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የሚገባለትን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ማስተካከያ) ዝቅ አደረጉ። በሪሲቨሩ ማይክሮፎንም የየስፒከሩን መጠን እንደገና ለኩ፤ አዲስ አምፕሊፋየር ሲገባ የፊት ስፒከሮች ከመካከለኛው ስለሚበልጡ የድሮው ልክ አይሠራም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ወደ ቤዙ ስፒከር መሩት። የሪሲቨሩን ኃይል ሁሉም ቻናሎች (ወደየስፒከሩ የሚሄዱት የድምፅ መስመሮች) ከአንድ ትራንስፎርመር ይካፈሉታል፤ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው። የፊቶቹ ከራሳቸው አምፕሊፋየር ሲመገቡ ንግግሩን ለሚያወጣው ለመካከለኛው ስፒከር የሚተርፈው ኃይል በዛ። አሁን እናቴ ከማእድ ቤት ሆነው እያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን አባቴ «ከዚህ የሚበልጥ አምፕሊፋየር እንግዛ?» ብለው ሲጠይቋቸው በመለሱት መልስ ነው። «ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ነው፤ ገንዘባችሁን አታውጡ» አሏቸው። ሸጠው ማትረፍ ይችሉ ነበር! የእጃቸውን ዋጋ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ነግረውን ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፤ በመልእክት ለጠየቀኝ እርሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ከደጀን፣ ከቢቸና ወይም ከፍኖተ ሰላም የምትመጡ የሪሲቨራችሁን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ጋሼ «ፕሪ አውት» የሚል መውጫ (የተለየ አምፕሊፋየር የሚያያዝበት) እንዳለው ሳያዩ አምፕሊፋየር ግዙ አይሉም።