ለአይጥ ፍላይ ምን ልግዛ? የአጋዘን ጸጉር፣ ፎም ወይስ ጸጉራም ቆዳ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፍላይ፣ ማለትም መንጠቆ ላይ በክር የሚታሰር የዓሣ ማጥመጃ፣ የምታስሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው፦ «ዘመድ ከውጭ እየመጣ ነው፤ ለአይጥ ፍላይ የአጋዘን ጸጉር ላስመጣ ወይስ ፎም ይበቃኛል?» አጭሩ መልሴ፣ መጀመሪያ ፎም ግዙ ነው፤ የእጅ ሥራውን ስስ ፎም እንጂ የፍራሹን አይደለም። የተረፈውን ብር መንጠቆና ክር ላይ አውሉት። የአጋዘን ጸጉር የግድ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ግን ከጠያቂዎቹ ጥቂቱ ነው።

ለማያውቀው፣ የአይጥ ፍላይ ማለት ውሃ ውስጥ ወድቃ የምትዋኝ አይጥ መስሎ የተሠራ ማጥመጃ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ትንሽ ሳለ ነፍሳት ይበላል። ሲገዝፍ ግን በነፍሳት ብቻ አይጠግብም። ሌላ ዓሣ ይውጣል፣ ከዳር የወደቀች አይጥም አይምርም። በተለይ ትልቁ ቡናማ ትራውት ቀን ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ለአደን ይወጣል። በአሜሪካዋ አላስካና በሩሲያዋ ካምቻትካ ይህ ዘዴ የታወቀ ነው። እኛ አገር ትራውት ያለው ባሌ ነው፤ ዌብ፣ ሻያና ዳንካ ወንዞች ውስጥ፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ። የባሌ ደጋ ደግሞ አይጥ የሞላበት ነው። ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚኖረው እነሱን እያደነ ነው።

ከወሎ ለሚነሳ ሰው ርቀቱ ራሱ ምርጫውን ይወስናል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ባሌ ሮቤ ለመድረስ ሌላ ከ400 በላይ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ፍላዩ በመጀመሪያው ምሽት ቢበላሽ ወንዝ ዳር የሚተካላችሁ የለም። ስለዚህ ከውበቱ በፊት ጥንካሬውን እዩ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ዓሣው የሚያየው ከታች ወደ ላይ መሆኑ ነው። በጨለማ የሚታየው ጥቁር ጥላና ከኋላ የሚከተለው የውሃ ስንጥቅ ነው። ጆሮው፣ ጢሙ፣ ዓይኑ ለእኛ ደስታ ነው። ዋናው ነገር ፍላዩ ዝቅ ብሎ መንሳፈፉና ሲጎተት ውሃውን መሰንጠቁ ነው። የምትዋኝ አይጥ ከውሃው በላይ የሚታየው ራሷና ጀርባዋ ብቻ ነው።

አሁን ወደ የአጋዘን ጸጉሩ። ይህ ጸጉር የቀዝቃዛ አገር አጋዘን ነው፤ እያንዳንዱ ዘለላ ውስጡ አየር የያዘ ነው። የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው ጭብጥ ቆርጣችሁ መንጠቆው ላይ ታጋድሙታላችሁ። ክሩን ሁለቴ ላላ አድርጋችሁ ትጠመጥሙና ትስባላችሁ። በዚያች ቅጽበት ጸጉሩ ይዞርና እንደ ጃርት ይቆማል። ያንን ወደ ኋላ ጠቅጥቃችሁ ሌላ ጭብጥ ትጨምራላችሁ። በመጨረሻ ለሁለት በተሰበረ አዲስ ምላጭ ትከረክሙታላችሁ። ሆዱ ላይ ግን ምሕረት የለም፤ ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ ወደ መንጠቆው ግንድ ተጠግታችሁ ቁረጡ። ሆዱ ከሞላ መንጠቆው ዓሣውን አይዝም፣ ፍላዩም ይገለበጣል።

በትክክል ከተሠራ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ውሃ ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። ዓሣው ሲነክሰው ጎድጎድ የሚል ገላ አለው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጸጉሩ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። መንሳፈፊያ ቅባት ካልተቀባ፣ ቆይቶም ካልተጨመቀና ካልደረቀ ይከብዳል፤ ያኔ መወርወሩ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ተራ የስፌት ክር ሲሳብ ይበጠሳል። ጂኤስፒ የሚባለውን ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ እሱም ከውጭ የሚመጣ ነው።

ማስመጣቱ ካልቀረ ዘመዳችሁ የሚገዛውን በደንብ ንገሩት። ቡክቴይል የሚል የተጻፈበትን እንዳያመጣ። እሱ የጭራ ጸጉር ነው፤ ከሥሩ በቀር አብዛኛው አየር የለውም፣ እንደሚፈለገውም አይቆምም። የሚያስፈልገው የገላ ጸጉር ነው፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ። የፍየል ጸጉር ይተካዋል ወይ ለምትሉ፣ አይተካውም። ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይሰምጣል። የሚዳቋና የድኩላ ቆዳ ገበያ ላይ ቢያጋጥማችሁ ደግሞ አትንኩት። ለአንድ ማጥመጃ ብሎ የዱር እንስሳ የሚያስገድል ገበያ ማበረታታት ነውር ነው፤ ለዓላማውም ቢሆን እንደ ቀዝቃዛ አገር አጋዘን ጸጉር አይሆንም።

ፎም ሌላ ታሪክ ነው። ውስጡ ያሉት የአየር ጉድጓዶች የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይገባቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ብትጎትቱት ይንሳፈፋል። አንዴ ሁለቴ አየር ላይ ከወዘወዛችሁት ይደርቃል። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ለልጆች የእጅ ሥራ የሚሸጠው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ለጀርባ በቂ ነው። የነጠላ ጫማ ሶልም ይሆናል፤ ደረቅ ስለሆነ በስሱ መሸርከት አለበት እንጂ። የፍራሽ ስፖንጅ ግን እንዳትገዙ። የስፖንጁ ጉድጓዶች ክፍት ናቸው። ከተጠራጠራችሁ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። አረፋ ከወጣውና ከከበደ አይሆንም።

ፎም እንከን የለውም አልልም። ክሩን አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ይቆርጠዋል። ግንዱን መጀመሪያ በክር ሸፍናችሁ፣ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጋችሁ ካላሰራችሁት መንጠቆው ላይ ይሽከረከራል። ሰፊ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ደግሞ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍና እንደ አይጥ ሳይሆን ተንሸራቶ ያልፋል። ጠበብ አድርጉት። ሁሉም የሚስተካከል ነገር ስለሆነ አብሽሩ። ዋጋው ስለማያስፈራ አምስት ብታበላሹ እንኳ ስድስተኛውን ትሠራላችሁ።

ሦስተኛው ጸጉሩ ያልተነሳ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ነው። ውጭ የሚሸጠው የጥንቸል ነው። እንቅስቃሴው ልዩ ነው፤ ውሃ ውስጥ ጸጉሩ ሕይወት ያለው ይመስላል። ብቻውን ግን ይሰምጣል፤ ውሃ ሲጠጣም ይከብዳል። ስለዚህ ከላዩ ፎም ካልተጫነበት ለአይጥ አይሆንም። እዚህ በግ ባለበት አገር ተተኪ አይጠፋም። የለፋ የበግ ለምድ ቁራጭ ፈልጉ፤ ጸጉሩ አጭርና ለስላሳ የሆነውን። ጥሬ ቆዳ ይሸታል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስትሸረክቱ በቆዳው በኩል በምላጭ ጫፍ ብቻ ጫር አድርጉ። በመቀስ ከሆነ ጸጉሩም አብሮ ይቆረጣል።

ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ለመንሳፈፍና ለመወርወር ፎም ይበልጣል። ለእንቅስቃሴ ቆዳው ተወዳዳሪ የለውም። ጸጥ ባለና ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ላይ፣ ዓሣው ጊዜ ወስዶ በሚመረምርበት ቦታ፣ የአጋዘን ጸጉር የክፍያውን ያህል ይሠራል። ማሰር ራሱ የሚያስደስታችሁ ከሆነም ግዙት፤ ክረምቱን በሙሉ የሚያስቀምጥ የእጅ ሥራ ነው። የውጭዎቹ ባለሙያዎችም አንዱን ብቻ አይዙም። ሞሪሽ ማውስ የሚባለው ታዋቂ ፍላይ የአጋዘን ጸጉር ገላ ላይ የፎም ጀርባ የደረበ ነው። ሚስተር ሃንኪ የሚባለው ደግሞ ፎምና የጥንቸል ቆዳ ነው። እኔ ከወሎ ለሚሄድ ሰው የምመርጠው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ፎም ጀርባ፣ የበግ ለምድ ሆድ። ከመንጠቆው በቀር የሚገዛው ሁሉ እዚሁ ይገኛል።

ለጭራ ከጫማ ሰፊ ዘንድ ስስ የቆዳ ቁራጭ ለምኑ። ከገላው ርዝመት አይብለጥ። ረጅም ጭራ ሲያዩት ያምራል፤ ዓሣው ግን ጭራውን ብቻ ነክሶ ይለቃል።

መንጠቆ ላይ አትቆጥቡ። ግንዱ ረዘም ያለ፣ ከቁጥር 2 እስከ 6 ያለው ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው እንደሚተልቅ አትርሱ፤ ብዙ ሰው 6ን ከ2 ይበልጣል ብሎ ያዝዛል። የመንጠቆውን ጫፍ ጥፍራችሁ ላይ ጫር ስታደርጉት ካንሸራተተ መልሱት። ማሰሪያ ሞርሳችሁ ቀላል ከሆነም ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥር 2ን አጥብቆ መያዙን ፈትኑ፤ የአጋዘን ጸጉር ሲሳብ ደካማ ሞርሳ መንጠቆውን ይለቃል። የክሩ ቋጠሮ እንዳይፈታ ለመቀባት ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቂ ነው።

ባሌ ከመውረዳችሁ በፊት ሐይቅ በምትባለው የወሎ ሐይቅ ላይ ሞክሩት። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ትራውት የላትም፣ ግን አምባዛ አላት፤ እሱም ማታ የሚያድን፣ ያገኘውን የማይንቅ ዓሣ ነው። አመሻሽ ላይ ከዳር ወርውራችሁ በዝግታ ጎትቱ። ፍላዩ ከጎኑ ከተኛ ሆዱን እንደገና ከርክሙ። አፍንጫው ከሰመጠ ከፊት በኩል ትንሽ ፎም ጨምሩ። ዓሣው መጥቶ ውሃው ሲፈነዳ ዘንጉን ወደ ላይ አትንጠቁ፤ ክብደቱ እጃችሁ ላይ እስኪሰማችሁ ጠብቁና የማጥመጃውን ገመድ በግራ እጃችሁ ሳቡት።