በአማርኛ ተቀብሎ በዕብራይስጥ የካደኝ ቀለም ቀቢ

ይህን የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የሆነው ትናንት ማታ ነው፣ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። እዚህ እስራኤል አሽቀሎን፣ አሽዶድ፣ ነታንያ፣ ባሕሩ ዳር ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ዕብራይስጥ የማይሰሙ እናትና አባት ቤት ያሏችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሰውየውን ባታውቁት ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የእኛው ልጅ ነው። ለቅሶ ቤት አይጠፋም፣ ሰርግ ላይ ወንበር ያነሳል። መኪናው ላይ መሰላል ጭኖ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። ቤታችን ሲገባ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እናቴን «እማማ» ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ ጠጣ። የትውልድ መንደሯን ጠየቃት፣ ጎንደር ዙሪያ መሆኑን ስትነግረው «ታዲያ ዘመድ ነና!» አለ። እናቴ ያን ቀን መርቃ አልጠግብ አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። እዚህ አገር እናቴን እንደዚያ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታት የእጅ ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ቤታችን መሬት ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ማሽካንታውን፣ የቤቱን ብድር፣ ገና እየከፈልን ነን። ከባሕሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ሙሉ በሙሉ ይጠጣል፣ ከባሕሩ የሚነሳውን ጨዋማ ነፋስ የሚቀበለውም እሱ ነው። ባሕር ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ መስኮቱን ጠዋት ወልውላችሁ ማታ በጣታችሁ ብትነኩት ይለጠፋል። ብረቱ በላያችሁ ላይ ይዝጋል። ቀለሙ ተላልጦ ነበር። ውስጥ ደግሞ እናቴ የምትተኛበት ማማድ፣ ከሮኬት መጠለያ ተብሎ የተሠራው ክፍል፣ ጥጉ በጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር። ለስግድ በዓላችን ዘመድ ከየከተማው ስለሚመጣ ከዚያ በፊት ውስጡንም ውጩንም እናስቀባ ተባባልን።

ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች ጠይቄ ነበር። አንዱ 26,000 ሸቅል፣ ሌላው 24,500 አሉኝ። ሁለቱም ውል እንፈርማለን፣ ሔሽቦኒት፣ ማለትም ሕጋዊ ደረሰኝ፣ እንሰጣለን አሉ። እሱ 19,000 አለኝ። «በደረሰኝ ከሆነ ግን ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ይጨመርበታል፣ 18 በመቶ። እሱን ለመንግሥት ከምትሰጪ ለልጆችሽ ልብስ ግዢበት። ደግሞ በእኔና በአንቺ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል እህቴ?» አለኝ። 18 በመቶ ማለት 3,420 ሸቅል ነው። እኔ ሱቅ ገብቼ የዘይት ዋጋ እንኳ ሳላወዳድር የማልገዛ ሴት፣ 3,420 ሸቅል ተረፈልኝ ብዬ 12,000 በጥሬው ቆጥሬ እጁ ላይ አኖርኩለት። እናቴ ፊት። እሷም «ይባርክልህ» አለችው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ባልዲ ይዞ መጣ። የታወቀ ኩባንያ ቀለም ነው፣ 18 ሊትር። ክዳኑን እፊታችን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፈተው። «ይሄ ለባሕር ዳር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ፀሐይ አይበግረውም፣ ጨው አይበላውም» አለ። ፎቶ አነሳሁት። በማግስቱ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ ሳይነጋ ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው። ቀን ቀን ቤት ያለችው እናቴ ብቻ ነበረች። እሱም ይህን ያውቃል፣ ቡና ላይ ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ።

ጊዜው ኦገስት ነው። አሽቀሎን በኦገስት ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። ሠራተኞቹ ጠዋት አይመጡም። ረፋዱ ላይ መጥተው ያንን የምዕራቡን ግድግዳ ፀሐይ ሲወርድበት ይቀቡታል። እናቴ ማታ ማታ «ልጆቹ በፀሐይ አለቁ፣ አሳዘኑኝ» እያለች ትነግረኝ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሐብሐብ ታወጣላቸዋለች። በሦስት ሳምንት ጨረሱ። ቤቱ ነጭ ሆነ፣ አማረ። ቀሪውን 7,000 ሰጠሁት። እናቴ ዳቦ ጋግራ ጠቅልላ አሸከመችው።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ።

ጠዋት በሩን ስከፍት መተላለፊያው ላይ ወተት የተደፋ መሰለኝ። ግድግዳው እየታጠበ ነበር። መዳፌን አስደግፌ ሳነሳው እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። መስኮቱ ሥር እንደ ፊኛ ያበጠ ቦታ ነበር፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተላቀቀ። በረንዳው ጥግ ላይ ቡናማ የዝገት መስመር ወርዷል። ለካ እዚያ ጋ ፌሮው ዝጎ አብጦ ሲሚንቶውን ሰንጥቆት ኖሮ፣ እሱ ዝገቱን ሳይፍቅ በስቱኮ ደፍኖ ቀብቶበታል። የእናቴ ማማድ ውስጥ ያለው ሻጋታም ቦታውን ሳይለቅ ተመልሷል። ላዩ ላይ ነው የቀቡበት።

አስራ አራት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም። በእህቴ ስልክ ስደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፣ ድምፄን ሲሰማ ዘጋው።

የተላጠውን ቀለም በፌስታል ይዤ አንድ ቀለም ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሽማግሌ ሰው ነው። ገልብጦ ጀርባውን አየው። ዱቄት ነበረበት። «ይሄ የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን አቧራውን ነው» አለኝ። እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ ባሕር ዳር ያለ ግድግዳ መጀመሪያ የላላው ይፋቃል፣ ከዚያ ጨው ስላለበት በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ የሚያያይዘው ፕራይመር አንድ እጅ ይቀባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ ሁለት እጅ የሚቀባው። ጨው ከቀለሙ ሥር ከቀረ እርጥበት እየሳበ ያነሳዋል። ፀሐይ ያጋለው ግድግዳ ላይ ከተቀባ ደግሞ ቀለሙ ሳይዝ ውሃው ቶሎ ይተናል። የምዕራብ ግድግዳ ጠዋት ጥላ ሲሆን ይቀባል፣ የምሥራቁ ከሰዓት በኋላ። ቀቢ የሚባል ሰው ጥላ ተከትሎ ነው የሚዞረው።

ከዚያ «ስንት ባልዲ ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድ» አልኩት። የውጩ ግድግዳ ስንት ካሬ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ወደ 150 ነው። ወረቀት ላይ አሰበው። አንድ ሊትር ለአንድ እጅ 8 ካሬ፣ በጣም ለስላሳ ከሆነ 10 ይሸፍናል። ሁለት እጅ ከሆነ 37 ሊትር ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም ከሁለት ባልዲ በላይ። ለውጪ ብቻ። «ታዲያ አንዱ ባልዲ እንዴት በቃ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቤት ተመልሼ እናቴን ስጠይቃት ከመኪናው ጽሑፍ የሌላቸው ነጭ ባልዲዎች ያወርዱ እንደነበር፣ ከጓሮው ቧንቧ ጎማ ስበው ውሃ ይጨምሩበት እንደነበር፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ባልዲ ይገለብጡት እንደነበር ነገረችኝ። ሁሉንም ቆማ አይታለች። «ሥራቸው መስሎኝ» አለች። እኔ ያን ሁሉ ቀን አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት አልዋልኩም። ለ19,000 ሸቅል አንድ ቀን ቆሜ አላየሁም። እናቴ ላይ ምንም ጥፋት የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እስከዚህ ያለውን ግን እችለው ነበር። የትናንቱ ነው ያቃጠለኝ።

ትናንት እናቴን ከኩፓት ሖሊም፣ ከክሊኒኩ፣ ይዣት ስመለስ ከእኛ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ቤት በር ላይ መሰላል አየች። «ያ የእሱ ነው» አለችኝ። የመሰላሉ አንደኛው እግር ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል፣ እሷ ናት ያሰረችለት፣ የእኛን ደረጃ እንዳይፍቅ ብላ። ገባን። በረንዳው ላይ በእናቴ ዕድሜ ያለች ብቻዋን የምትኖር ሴት ቡና አፍልታለች። ፈንዲሻው ቀርቧል። እሱ በርጩማ ላይ ስኒ ይዞ ተቀምጧል። ጫማው በር ላይ ነው።

ሲያየን ስኒውን አስቀመጠ። እኔ ድምፄን አላነሳሁም፣ በእናቴ ፊት፣ በሰው ቤት። «እንደምን ዋልክ ወንድሜ፣ ስደውል አታነሳም፣ ግድግዳው እኮ ታጥቦ ሄደ፣ መጥተህ እይልን» አልኩት።

ተነሣ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። በዕብራይስጥ «ስሊኻ፣ ጌቬሬት፣ ሚ አት?» አለኝ። ይቅርታ እመቤት፣ ማን ነሽ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአፉ አንድ የዕብራይስጥ ቃል አልሰማሁም። እህቴ፣ እማማ፣ ዘመዶቼ ነበር የሚለን። እናቴ የተሳሳተ መስሏት ቀረብ ብላ «ልጄ፣ እኛ ነን እኮ፣ ዳቦ የሰጠሁህ» አለችው። አላያትም። በእሷ ላይ አሻግሮ ለእኔ፣ ልክ ቢሮ ውስጥ እንደሚያዋክቡን ፀሐፊዎች በጥድፊያ፣ ውል አለሽ ወይ፣ ደረሰኝ አለሽ ወይ፣ ከፈልኩ የምትይውን የት አለ አለኝ። ከዚያ «ኤን ላኽ ክሉም ባያድ» አለ። በእጅሽ ምንም የለሽም።

እናቴ እጄን ይዛ «ምን አለ?» አለችኝ። የቤቱ ባለቤትም ጀበናዋን እንደያዘች «ምን አለ ልጄ?» አለችኝ። ሁለቱም አልሰሙትም። እንዳይሰሙት ነው በዚያ ቋንቋ ያወራው። እኔ መተርጎም አቃተኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ።

እሱ ደግሞ ወደ ሴትየዋ ዞሮ፣ በዚያው ለስላሳ አማርኛው፣ «ምንም አይደለም እማማ፣ ቤት ተሳስተው ነው፣ ሁለተኛውን ይቅዱልኝ» አላት።

እናቴ እዚህ አገር ስትኖር ሐኪሙ፣ ባንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉ በራሷ ላይ አሻግረው ሲነጋገሩባት ኖራለች። ማንም የማይሻገርባት በአማርኛ ስትሆን ብቻ ነበር። ያንን ነው የወሰደባት። ገንዘቡን ሠርቼ እመልሰዋለሁ። መንገዱን ሙሉ «ዳቦውን ረሳው?» እያለች ነበር የምትጠይቀኝ።

ስንወጣ ሴትየዋ እስከ በር ሸኘችን፣ ቀስ ብላ «ለእሑድ ቀሪውን ልሰጠው ነው፣ ምን ችግር አለ?» አለችኝ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ማታ እንደምደውልላት ነግሬያት ሄድን፣ ስልኳን ግን አላነሳችም።

ምክር የለኝም፣ ራሴ ያላደረግኩትን ነው የምነግራችሁ። የማንም ልጅ ይሁን ውልና ሔሽቦኒት ጠይቁ። ከኦገስት 2022 ጀምሮ ከ6,000 ሸቅል በላይ የሆነ ሥራ ለነጋዴ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ መክፈልም ሕጉ አይፈቅድም፣ እኔ ይህን ያወቅኩት ዘንድሮ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። ባልዲዎቹን ቁጠሩ፣ ክዳኑ እፊታችሁ ይከፈት፣ አንድ ሳይሆን ሁሉም። ከመቀባታቸው በፊት ግድግዳውን በመዳፋችሁ እሹት፣ ዱቄት ከያዘ አልታጠበም።

እኔ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ልሄድ ነው። እዚያ ያለ ጠበቃ ራስሽ ነው የምትቀርቢው ብለውኛል። በእጄ ምንም እንደሌለኝ ነግሮኛል፣ ግን ዛሬ ስልኬን ስፈትሽ የላካቸው ዘጠኝ የድምፅ መልእክቶች አሉ። ዋጋውን፣ የቀለሙን ዓይነት፣ «12,000ው ደርሶኛል እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያለውን ሁሉ ተናግሮታል። ሁሉም በአማርኛ ነው።

እሑድ ከመድረሱ በፊት ነገ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደዚያች ሴት ቤት እንሄዳለን። ዘጠኙንም አሰማታለሁ።