ኮዬ ፈጬ ያለችው ጌም ቤት፣ ከእንቁላል እስከ ትልቅ አውሬ ሙሉ ዕድሜ የሚጫወቱባት

ይሄን የምጽፈው ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቅዳሜ ሲመጣ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው ለምትሉ ነው። ቤቷ ኮንዶሚኒየም ስር ካሉት ሱቆች መሀል ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ ሰማያዊ በር ያላት ጠበብ ያለች ናት፣ 4 ቲቪ 4 ፕሌይስቴሽን፣ በሰዓት 80 ብር። የእህቴን ልጅ ይዤ (10 ዓመቱ ነው) ሶስት ወር ሙሉ ስለተመላለስኩ አይቼ ነው የማወራው።

እንደሌላው ቤት ኳስ ብቻ አይደለም። እኛን የያዘን ልጆቹ "እንቁላሏ" የሚሉት ጌም ነው፣ ሁለት ጨረቃ የሚወጣበት የሌለ ዓለም ውስጥ አንዲት አዳኝ አውሬ ሆነህ ከእንቁላል ተፈልፍለህ እስክታድግ ድረስ የምትኖርበት። ሲጀምር ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ በቅርፊቱ በኩል ቀላ ያለ ብርሃን ብቻ ይገባል፣ ውጪ ዝናብ ይሰማል፣ ጆይስቲኩ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽዬ ሹል ነገር ቅርፊቱን ስትወጋው ስትወጋው ቆይተህ በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ታያለህ። ሹሏ ነገር ፈጠራ መስላኝ ነበር፣ ግን የእውነቱ አዞም አለው እኮ። የኛው የጫሞ አዞ 3 ወር ገደማ እንቁላል ውስጥ ቆይቶ ሊወጣ ሲል ከውስጥ ይጮሃል፣ እናትየው ድምጹን ሰምታ ጎጆውን ትቆፍርና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ጌሙ ላይ ግን እናት የለችም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ወደኔ ዞሮ "አጎቴ እናቷስ?" አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ከተፈለፈልክ በኋላ አዳኝ ነኝ ብለህ ሜዳ ብትወጣ በቃ አለቀልህ። የምታክለው እንሽላሊት ነው፣ ምግብህ ጥንዚዛና ፌንጣ ነው፣ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ደግሞ የራስህን ዘር ትልልቆቹን ነው ምክንያቱም ካገኙህ አይምሩህም። ስለዚህ ዛፍ ላይ ትኖራለህ። ይሄም ከእውነቱ የተወሰደ ነው፣ ኢንዶኔዥያ ያለው ኮሞዶ የሚባለው ግዙፍ እንሽላሊት ልጅነቱን ዛፍ ላይ ነው የሚያሳልፈው፣ ትልልቆቹ ስለሚበሉት።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ሁልጊዜ የሚተኛባት ቅርንጫፍ ላይ ሲወጣ ቀሽ አለችና ተሰበረች፣ አውሬዋ መሬት ላይ ዱብ አለች። እኔ ሞተች ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ከወንበሩ ተነስቶ "ከብዳለች! አድጋለች ማለት ነው!" አለ፣ ማንም አልነገረውም እኮ፣ ጌሙም ምንም አልጻፈለትም፣ ከቅርንጫፉ ነው የተረዳው። ከዛ ቀን ጀምሮ ዛፍ ቀረ፣ መሬት ላይ ማደን ተጀመረ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እያዩ ሽታ እንዳይደርስ ዞሮ መቅረብ ምናምን፣ አንድ ከሰዓት 9 ጊዜ ሞክሮ 1 ብቻ ነው የያዘው፣ ግን ያቺን አንዷን ሲይዝ ፊቱን ብታዩት።

አሁን ወደ ቤቷ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያለ ባለቤቷ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር። ጌሙ በአንድ ቁጭታ አያልቅም። በፊት የምንሄድበት ሌላ ቤት ተራ የሚባለው 15 ደቂቃ ነው፣ ልጁ ሁሌ ጫጩት ሆኖ ነው የሚነሳው፣ ሴቭ ያደረገው ላይም ሌላ ልጅ ደርቦበት ጠፍቶ እያለቀሰ ነው ቤት የገባው። እዚህ ግን ባለቤቷ ደብተር አላት፣ የየልጁ ስም አለ፣ ከጎኑ የሴቭ ቁጥሩ፣ ከዛ ደግሞ አውሬው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ "እንቁላል"፣ "ዛፍ ላይ"፣ "ወርዷል" እያለች። ጌሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነም ካርቶን ላይ ረሃብ፣ ጥማት፣ ሽታ፣ ነፋስ ብላ ከነምልክታቸው ስላ ግድግዳው ላይ ለጥፋላቸዋለች። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እሷ ታዲያ ቲቪ በቲቪ እየዞረች መጀመሪያ የልጆቹን ሴቭ ታደርጋለች፣ ሂሳብ የምትቀበለው ከዛ በኋላ ነው። ያልተጫወቱበትን ደቂቃም ለሌላ ቀን ትይዝላቸዋለች።

የሚስተካከል ነገር አለ። የ3ኛው ቲቪ ጆይስቲክ ሳትነካው ወደ ግራ ይሄዳል፣ አድብቶ ለሚያድን ልጅ ይሄ ትልቅ ችግር ነው መቀየር አለበት። መስኮት የላትም፣ ከሰዓት ከ9 ሰዓት በኋላ ስትሞላ ትታፈናለች፣ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ሽንት ቤትም የለም፣ ጎን ካለው ካፌ ነው። ከ5ቱ ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ ጆይስቲኩ ከተቀየረ 5 አደርገዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ጨረሰ። አውሬዋ ትልቅ ሆናለች፣ ስትራመድ ጆይስቲኩ ይመታል፣ የረሃቧ ምልክት ቀይ ሆኗል፣ እና ያቺ ድሮ የሚተኛባት ዛፍ ጋ ሲደርስ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ጫጩት ተጣብቃ አየ። ዛፉን አንዴ ብትገፋው ትወድቃለች። ዝም ብሎ ቆመ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዛ ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ወንዙ ሄደና "እትዬ ሴቭ አድርጊልኝ" አለ። እሷም መጣች፣ ቲቪውን አየት አደረገች፣ ደብተሩን አውጥታ "ወርዷል" የሚለውን ሰርዛ "ትልቅ" ብላ ጻፈች።