በብልቃጥ የሚሸጡ የእመቤት ጫማ ኦርኪድ ችግኞች፦ የአንድ ገዢ ግምገማ

የእመቤት ጫማ ኦርኪድን፣ ማለትም አበባው ጫማ የሚመስል ከረጢት ያለውን ተክል፣ ለማብቀል ለሚፈልግ ሰው፣ በገበያ ላይ ከሚቀርቡት አማራጮች ሁሉ የሚመረጡት በቤተ ሙከራ ከዘር በቅለው ከነብልቃጣቸው የሚሸጡት ችግኞች ናቸው። ለዚህ ግምገማ መነሻ ያደረግሁት ከአንድ አብቃይ ድርጅት የገዛሁትን ፓፊዮፔዲለም ዴሌናቲ የተባለ የእመቤት ጫማ ዝርያ ብልቃጥ ነው። በችግኞቹ ጥራት በእጅጉ ረክቻለሁ፤ አብሯቸው በመጣው መረጃ ግን አልረካሁም፤ ይህም ጉድለት ቀላል ስላልሆነ በዝርዝር እገልጸዋለሁ።

ብልቃጡ የደረሰው አፉ በሚገባ እንደታሸገ፣ ውስጡም አንዳች የሻጋታ ምልክት ሳይታይበት ነው። ችግኞቹ ስኳርና ማዕድናት በተጨመረበት፣ አጋር በሚባል የረጋ ማብቀያ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፤ ቅጠሎቻቸው ገና ትንንሽ ሳሉ የዝርያው መለያ የሆነው አረንጓዴ ዝንጉርጉር በፊታቸው፣ ሐምራዊው ቀለም ደግሞ በጀርባቸው በግልጽ ይታያል። ሥሮቹ ወፋፍራምና በደቃቅ ጸጉር የተሸፈኑ ስለሆኑ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ማስለቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ስኳራማ ቅሪት ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታውም ለጋውን ችግኝ ከሥሩ ያበሰብሰዋል። አጥቤ እንደጨረስሁ ሁሉንም ደቃቅ የዛፍ ቅርፊት በሞላበት አንድ መትከያ ውስጥ በአንድነት ተክዬ፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ክዳን ሸፈንኋቸው፤ ከዚያም ክዳኑን ጥቂት በጥቂት እየከፈትሁ ከውጭው አየር ጋር አለማመድኋቸው። በብልቃጥ ውስጥ ያደገ ቅጠል እርጥበቱን የሚጠብቅበት ሽፋን ገና ስስ ስለሆነ ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም። አብዛኞቹ ጸድቀዋል።

የዚህ ምርት ዋጋ የሚታወቀው የኦርኪድን ዘር ባሕርይ ሲረዱ ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን፣ ለፅንሱ ስንቅ የሚሆን ምግብ በውስጡ የለም፤ በተፈጥሮ የሚበቅለውም ተስማሚ ፈንገስ አግኝቶ ከእርሱ መመገብ ሲችል ብቻ ነው። ሉዊስ ክኑድሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1922 የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለው አጋር ላይ ሊበቅል እንደሚችል ካሳየ ወዲህ፣ በዱር አብዛኛው ባክኖ የሚቀረው ዘር በቤተ ሙከራ ብዙ ችግኝ የሚያስገኝ ሆነ። እነዚህን ተክሎች ከጫካ መንቀል አስፈላጊ የነበረበት ጊዜ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም መንቀሉ አልቆመም። በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ «ለማበብ የደረሰ» እየተባሉ ከሚቀርቡት ተክሎች መካከል ከዱር የመጡት ብዙ ጊዜ ከመልካቸው ይታወቃሉ፦ ሥሮቻቸው አጥረው ተቆርጠዋል፣ ቅጠሎቻቸው ተቧጭረዋል ወይም በነፍሳት ተበልተዋል፣ በሥሮቹ መካከልም የጫካ አፈርና የድንጋይ ስብርባሪ ይገኛል፤ በአንድ ሻጭ ዘንድ ያሉት ተክሎችም በመጠንና በዕድሜ አይመሳሰሉም። የዚህ ንግድ ውጤት በግልጽ ተመዝግቧል። ፓፊዮፔዲለም ቪዬትናሜንሴ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ ይፋ በሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰብሳቢዎች ተለቅሞ ከተፈጥሮ መኖሪያው ሊጠፋ በቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፔሩ የተገኘው ባለ ግዙፍ ሐምራዊ አበባው ፍራግሚፔዲየም ኮቫቺም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ገብቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ መጀመሪያ የታየበት ሥፍራም ብዙ ሳይቆይ ተራቁቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መረጃ ከተገመገሙት 84 የሐሩር እስያ የእመቤት ጫማ ዝርያዎች 99 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ እንደተደቀነባቸው አስታውቋል። ይህን እያወቀ ከዱር የተነቀለ ተክል የሚገዛ ሰው አበባውን እወዳለሁ ማለት የሚችል አይመስለኝም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ፓፊዮፔዲለምና ፍራግሚፔዲየም የተባሉት የእመቤት ጫማ ወገኖች፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር በሚያደርግበት አባሪ አንድ የተመዘገቡ ሲሆን፣ በሰው እጅ ከተባዙ ወላጆች ተገኝተው በታሸገ ንጹሕ ብልቃጥ የሚጓዙ ችግኞች ግን ከቁጥጥሩ ነፃ ናቸው። ሻጩ ችግኞቹ በሕጋዊ መንገድ የተባዙ መሆናቸውን በጽሑፍ አረጋግጦልኛል፤ ለጥያቄዎቼም ሳይዘገይ መልስ ሰጥቷል።

ቅሬታዬ በመለያ ወረቀቱ ላይ ነው። የዝርያው ስምና ዘሩ የተዘራበት ቀን ብቻ ሰፍሮበታል፤ የወላጆቹ ማንነት የለበትም። የእመቤት ጫማ አበባ ነፍሳትን የሚያስተናግድበት መንገድ እጅግ የረቀቀ ነው፦ በመልኩ ተታሎ ወደ ከረጢቱ የወደቀ ነፍሳት በገባበት አፍ መውጣት ስለማይችል በከረጢቱ ጀርባ ወዳሉት ጠባብ መውጫዎች ያመራል፤ በዚያም በመጀመሪያ የሴቴውን ክፍል፣ ቀጥሎም የወንዴውን ብናኝ ነክቶ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚያደርሰው ከሌላ አበባ ያመጣውን ብናኝ ነው። በአብቃዩ ዘንድ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው የሰው እጅ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዳቀል የሚወስነውም ያው ሰው ነው። የወሰነውን ካልጻፈው የዘር ሐረጉ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

በተለይ ለዴሌናቲ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝርያው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቬትናም ወደ ፈረንሳይ ከተወሰደ በኋላ በሕይወት የተረፈው አንድ ተክል ብቻ ነበር፤ ከእርሱ ዘር የተገኙት ተክሎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት የአብቃዮች ብቸኛ ሀብት ሆነው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቬትናም እንደገና ሲገኝ፣ ከተለያዩ እናቶች የተገኘ የዘር ብዝኃነት ወደ አብቃዮች እጅ ገባ፤ ያሳዝናል፣ የገባው ግን ብዙው በገፍ ከዱር እየተነቀለ ነው። እንግዲህ የእኔ ችግኞች የፈረንሳዩ የአንዲት እናት ልጆች ይሁኑ ወይም የሁለቱ ሐረጎች ድብልቅ፣ ወረቀቱ ምንም አይናገርም። አበባው ያው ነጭ የአበባ ቅጠልና ሮዝ ከረጢት ይኖረዋል፤ ለጥበቃ የሚኖረው ዋጋ ግን አንድ አይደለም። ቁጥርን ማብዛት ብዝኃነትን ማትረፍ ማለት አይደለምና፣ አንድ መስመር መጻፍ ይህን ያህል ቸል ሊባል ባልተገባው ነበር።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጊዜን አስቀድሞ ያስላ። ዴሌናቲን የመሰለ አነስተኛ ዝርያ ከብልቃጥ ወጥቶ ለማበብ ዓመታትን ይፈልጋል፤ የቦርኒዮው የኪናባሉ ተራራ ዝርያ ሮትሺልዲያነም ደግሞ ከዚያም እጅግ የዘገየ ነው። በብርዳማ አገሮች የሚበቅሉት ሳይፕሪፔዲየም የተባሉት የእመቤት ጫማ ወገኖች የሚያንቀላፉበት ቀዝቃዛ ወቅት ስለሚያስፈልጋቸው በሞቃት ቤት ውስጥ አይሆኑም፤ በትዕግሥት ለሚይዛቸው ግን ውጤት አላቸው፤ በእንግሊዝ ዱር አንድ ተክል ብቻ ቀርቶ የነበረው ሳይፕሪፔዲየም ካልሴዎሉስ፣ የኪው እፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1983 በጀመረው ሥራ በቤተ ሙከራ ከዘር በተገኙ ችግኞች ወደ ቀድሞ ሥፍራዎቹ ሊመለስ ችሏል። ለጀማሪ የምመክረው ዴሌናቲን ነው። ከመክፈሉ በፊት ግን የሁለቱን ወላጆች መነሻ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ብልቃጡን ከፍቶ ችግኞቹን ሲለያይም ያንኑ ጽሑፍ በእያንዳንዱ መትከያ ላይ ይለጥፍ።