ባለ 1000 ክር አንሶላ ወይስ ባለ 300?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሁለቱን ይዘው ቢያመነቱ፣ እኔ ባለ 300ውን ይውሰዱ እላለሁ። ቁጥሩ በአንድ ኢንች ካሬ ውስጥ ያለው የድርና የማግ ክር ድምር ነው። 1000 የሚባለው ብዙ ጊዜ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለተቆጠሩ ነው፤ ጨርቁ ይከብዳል፣ አየርም እንደልብ አያሳልፍም።

ዋናው ጥጡ ነው። በእንዝርት የፈተሉ እናቶቻችን ያውቁታል፦ ፋይበሩ አጭር የሆነ ጥጥ ክሩ ይበጣጠሳል፣ ጫፍ ጫፉም ይወጣል። ፋይበሩ ረጅም ከሆነ ጥጥ በነጠላ ክር የተሸመነ ባለ 300 አንሶላ ግን በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ለጎንደር ሌሊት ብርድ ደግሞ ጋቢው አለ፤ አንሶላው መክበድ የለበትም። ባለ 1000ውን የምመርጠው ክብደት ለሚወድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ «100% ጥጥ» መባሉን ይዩ፤ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ላብ እንደ ጥጥ አይመጥም።