ሎው ኮድ ከኮዬ ፈጬ ሲታይ፦ ፓወር አፕስ፣ ፍላተርፍሎው ወይስ አፕስሚዝ?

ለዓመታት ኮድ ሲጽፍ የኖረ ሰው ሎው ኮድ (ብዙ ኮድ ሳይጽፉ፣ ዝግጁ ክፍሎችን እየደረደሩ አፕ መሥራት) ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። «ሳጥን እየጎተቱ መደርደር ሙያ ነው እንዴ?» እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት የሚያመርት ደንበኛ ነው። የፈለገው ቀላል ነገር ነው፦ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ብሎኬት ስንት ተመረተ? ስንቱ አይሱዙ ላይ ተጫነ? ማን በዱቤ ወሰደ? ሦስት ወር ይፈጃል ስለው ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ያንኑ ፎርም፣ ያንኑ ሰንጠረዥ ስንቴ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ሦስት የሎው ኮድ መሣሪያዎችን፣ የማይክሮሶፍቱን ፓወር አፕስ፣ ፍላተርፍሎውንና አፕስሚዝን፣ ጎን ለጎን አየኋቸው። አውትሲስተምስና ሜንዲክስ የሚባሉትን ሌሎች መሣሪያዎች ትቻቸዋለሁ። እነሱ የባንክና የትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ሜንዲክስን እ.ኤ.አ. በ2018 የገዛው ሲመንስ ነው፤ ብሎኬት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

ከዋጋ ልጀምር፤ እኛ ሰፈር ብዙው ወሬ እዚያው ላይ ያልቃል። ፓወር አፕስ የሚያስከፍለው በተጠቃሚ ነው። ፕሪሚየም የሚባለው ደረጃ መደበኛ ዋጋ ለአንድ ሰው በወር 20 ዶላር ነው። ስምንት ሠራተኛ ካለ 160 ዶላር፣ ያውም በየወሩ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተተወ ወዲህ ይህን ለብሎኬት ነጋዴ አስረዱት እስቲ! ደንበኛው ቀድሞውኑ ፓወር አፕስን የሚጨምር የማይክሮሶፍት 365 ፈቃድ ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የፋይልና የዝርዝር ማስቀመጫ) ላይ ያለ ዝርዝርን የሚያነብ አፕ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለውን ዳታቤዝ ላገናኝ ስትሉ ነው ፕሪሚየሙ የሚመጣው።

ፍላተርፍሎው የሚያስከፍለው ሠሪውን ነው። አፑን 8 ሰው ተጠቀመው 800፣ ለእሱ ያው ነው፤ የዳታቤዙ ወጪ ግን ለብቻው ነው። አፕስሚዝ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው። ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ያለው ማሽን ላይ ትጭኑታላችሁ፣ በቃ። ዘበኛውም ጠጋኙም ግን እናንተው ናችሁ።

ቀጥሎ ኔትወርክ። አፕስሚዝን ደንበኛው ቢሮ ውስጥ 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ከነዳታቤዙ ብትተክሉት፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ቢሮው ውስጥ ሥራው አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ግን ሰርቨሩም አብሮ ስለሚጠፋ ዩፒኤስ ግድ ነው። ፍላተርፍሎው የሚያወጣው እውነተኛ የስልክ አፕ ነው። ፋየርስቶር ከሚባለው የጉግል ዳታቤዝ ጋር ከሠራችሁት ስልኩ የተመዘገበውን ይዞ ይቆይና መስመር ሲያገኝ ይልከዋል። ፓወር አፕስም ስልኩ ላይ ማስቀመጥ ይችላል፤ ማመሳሰሉን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ሌላም ወጥመድ አለው፦ ማጣሪያችሁ ወደ ዳታቤዙ የማይተላለፍ ዓይነት ከሆነ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 500 መዝገቦች ብቻ ነው። ብታሳድጉትም ከ2,000 አያልፍም። የዱቤ መዝገብ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ያጣላል።

የኛው ጣጣ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ነው። ሦስቱም 13 ወር አያውቁም፤ ጳጉሜን ከየት ያምጡት። ኮድ መጻፍ መቻላችሁ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው። ፍላተርፍሎው ላይ ዳርት በሚባለው የኮድ ቋንቋ የራሳችሁን ክፍል ትጨምራላችሁ፤ አቡሻኪር የሚባል ዝግጁ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ጥቅልም አለ። አፕስሚዝ ውስጥ ጃቫስክሪፕት በየቦታው ስለሚገባ ግማሽ ቀን በቂ ነው። ፓወር አፕስ ላይም ታይፕስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ ይቻላል፤ እኔ ግን ለአንድ ቀን መምረጫ ያን ሁሉ መንገድ አልሄድም።

ከሁሉ በላይ የማየው መውጫውን ነው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው መሣሪያ የክፍያ ደረጃውን ሲለውጥ ይዤ የወጣሁት ሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም ደረቁን የዳታ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። ገጹም ስሌቱም እዚያው ቀረ። እንደገና ከዜሮ ጻፍኩት፣ ያውም በነጻ። ፍላተርፍሎው በሚከፈልበት ደረጃ ሙሉውን የፍላተር (አፑ የሚሠራበት የጉግል መሣሪያ) ኮድ ያስወርዳል። አውርዳችሁ በእጅ ካስተካከላችሁት ግን ወደ ስዕላዊ ገጹ ተመልሶ አይገባም። በር አለው፣ የሚከፈተው ግን ወደ ውጭ ብቻ ነው። አፕስሚዝ ላይ የሠራችሁትን ገጽ የሚያነበው ራሱ አፕስሚዝ ነው። ዳታው ግን ድሮውንም በራሳችሁ ዳታቤዝ፣ ለምሳሌ ፖስትግሬስ ውስጥ ነው። የፓወር አፕስ አፕ ከማይክሮሶፍት ቤት ውጭ አይሄድም።

ለብሎኬት ቤቱ አፕስሚዝን መረጥኩ። በሁለት ሳምንት ሥራ ጀመረ። ደንበኛችሁ ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚኖር መሥሪያ ቤት ከሆነ ፓወር አፕስን ያዙ፤ አትከራከሩ። አፑ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚወጣ ከሆነ ፍላተርፍሎው። የክፍያ ስሌቱ የተወሳሰበ ወይም ብዙ ሺህ ሰው የሚጠቀመው ከሆነ ግን እኔ አሁንም ወደ ኮዴ እመለሳለሁ።

የአይሱዙ ሹፌሩ እስካሁን ቢሮ እየደወለ ነው የሚያስመዘግበው። አፕስሚዙ ከግቢው አይወጣማ። ለእሱ በፍላተርፍሎው ትንሽ አፕ ጀምሬለታለሁ፤ ሁለቱም የሚጽፉት እዚያው ዳታቤዝ ላይ ይሆናል።