ኳሱን በጋቢያቸው የሚያሞቁት መምህር

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ልጄን መረብ ኳስ የሚያሠለጥኑት ጋሼ ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም፤ «ሥራዬን ሠራሁ እንጂ ምን አደረግሁልሽ» ይሉኛል። እሺ፣ ስማቸውን አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ መረብ ኳስ እየወደደ ኳሱን የሚፈራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ የ14 ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። መዝለሉም ማቀበሉም አያስቸግራትም። ችግሯ አንድ ነበር፤ ከባድ ሰርቪስ፣ ማለትም ተጋጣሚ ጨዋታውን ሲጀምር ከመረቡ ወዲያ የሚመታውን ኳስ፣ መቀበል አትችልም። በተለይ ያ ሳይሾር ተንሳፍፎ መጥቶ፣ ክንድ ላይ ሊያርፍ ሲል ወደ ጎን የሚሸሸው ወይም ድንገት የሚወድቀው ዓይነት። ተጋጣሚዎች ይህን ካወቁባት ወዲህ ኳሱ ሁሉ ወደ እሷ ሆነ። አንድ ቀን በተከታታይ ስድስት ሰርቪስ መቱባት፤ ስድስቱም አመለጧት። ዳር የቆሙ ልጆች «ወደ በሩ! ወደ በሩ!» እያሉ ሲስቁ በጆሮዬ ሰማሁ። በሩ ልጄ መሆኗ ነው። ያን ማታ እራቷን ሳትቀምስ ተኛች።

ከዚያ በኋላ መከራችንን አየን። አንዱ ጋ በወር 1,500 ብር ከፈልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ 1,500 ብር ስንት ሱሪ ማሳጠር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ የልጄ ሥራ የሌሎቹን ኳስ መልቀም ነበር። ሄጄ ስጠይቀው «እጇ እንጨት ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ላድርግ» አለኝ። እሷ አጠገቤ ቆማለች እኮ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ክረምት ላይ ደግሞ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ልኬ ሌላ ቦታ አስመዘገብኳት። ጫማና ማልያ፣ የጉልበት መከላከያ ሳይቀር ከእኛው ካልገዛችሁ አሉ፤ ገዛን። አርባ ልጅ በአንድ ሜዳ። ስሟን እንኳ ሳያውቁ የምስክር ወረቀት ሰጥተው ሸኟት። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ይዛልኝ የመጣችው ያንን ወረቀት ነው።

ጋሼን ያገኘኋቸው በኮት ነው። ክርኑ የተበላ ኮት ሊያስጠግኑ ሱቄ መጡ። እኔ ከጎረቤቴ ጋር የልጄን ነገር እያነሳሁ ሳማርር ሰምተው ኖሮ «ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻት ነይ» አሉኝ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር መሆናቸውን ያን ጊዜ አላወቅሁም። እውነቱን ለመናገር ተስፋም አላደረግሁም፤ ደግሞ ስንት ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ትልቅ ልጅ ሰርቪስ እንዲመታላት አደረጉና ዝም ብለው አዩ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰዎቹ ሁሉ እጇን ሲያዩ ነበር፤ እሳቸው ፊቷን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እጇ ደኅና ነው። ኳሱ ሊደርስ ሲል ዓይኗን ትጨፍናለች። መቼ ነው የመታት?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ኳስ አፍንጫዋን መትቷት ደምቷል። ደሙን ያጠብኩላት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም። ይኸው ነው፤ 1,500 ብር የተቀበለው ያላየውን ጡረተኛው መምህር በአሥር ደቂቃ አዩት።

እና ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሁለት ሳምንት በክንዷ አንድም ኳስ አላስነኳትም። በሁለት እጇ እንድትይዝ ብቻ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርን ውርጭ ለእኛ ለነዋሪዎቹ አይነግሩንም። በዚያ ብርድ የደረቀ ኳስ ክንድ ላይ ሲያርፍ እንደ አለንጋ ነው። ጋሼ ግን ኳሱን ከቤታቸው ጀምሮ በጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ልክ እንደ ሕፃን ነው ይዘውት የሚመጡት። «ቀዝቃዛ ኳስ ልጅን ያስፈራል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ አያይም» አሉኝ። ልጄ የመጀመሪያውን ኳስ ስትይዝ «እማዬ፣ ይሞቃል!» ብላ ጮኸች። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አባቴ «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል» ብሎ ከሜዳ ጎትቶ ያስወጣኝ ልክ በእሷ ዕድሜ ነበር፤ እሱም ትዝ አለኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ አንድ ያረጀ ኳስ ላይ በጥቁር ቀለም ፊደል ጻፉበት፦ ሀ፣ ለ፣ መ። ኳሱ ሳይደርስ ያየችውን ፊደል ጮክ ብላ መጥራት አለባት። ፊደሉ ከተነበበ ኳሱ አይሾርም ማለት ነው፤ እንግዲያው ይዋልላልና እግርሽ ቆሞ አይጠብቅ ይሏታል። ፊደሉ ከደበዘዘ እየሾረ ነው፤ መንገዱን ስለማይስት ከመውደቂያው ቀድመሽ ጠብቂው። ይህ ለምን እንደሚሆን ስለ አየር ብዙ አስረዱኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። ልጄ ግን ገብቷታል። እንጀራ ስጋግር ከጓሮ «መ! ሀ! ሀ!» ስትል የሰማ ጎረቤት ልጅቷ ፊደል እንደ አዲስ ጀመረች ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ ሳምንት ከጓደኞቿ ጋር ሸዋ ሮቢት ወርዳ ተጫወተች። ከመሄዷ በፊት ጋሼ «ቆላው አየሩ ወፍራም ነው፤ ኳሱ እዚህ ከለመድሽው ይበልጥ ይወዛወዛል» ብለዋታል። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ መኪና ውስጥ ሹራቤን እያወለቅሁ እኔ ነበርኩ የምጨነቀው፤ እሷ ተኝታለች። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰርቪሶች እሷ ላይ መቱ። አራቱን አነሳች። አምስተኛው ተመልካች መሃል ገባ። ዓይኗ ግን አልተጨፈነም፤ እኔ ከዳር ሆኜ ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው። ቡድኑ ተሸነፈ፤ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዘፈኑ።

ለመጀመሪያው ወር ክፍያ ብር ይዤ ብሄድ አልቀበልም አሉ። ይልቅ የተበጣጠሰ መረባቸውን አምጥተው «ይህን ስፊልኝ» አሉኝ። ዘጠኝ ሜትር ተኩል የሚረዝም መረብ በማሽን አይሰፋምና ሦስት ማታ በእጄ ቋጠርኩት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌሎቹ ወላጆች በወር 400 ብር እከፍላለሁ። የሌለው አይከፍልም፤ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ ከልጆቹ አንዱም አያውቅም።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱላቸው። እንደ እኔ ሁለት ዓመት አትቃጠሉ። ልጃችሁን «አይሆንላትም» ያላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ጋሼ ይዩአት። ሴትም ወንድም ያሠለጥናሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጠባሴ በኩል። አሁን 14 ልጆች አሏቸው፤ ከ20 በላይ አልይዝም ብለዋልና አትዘግዩ። ያረጀ ኳስ ያላችሁም አትጣሉት፤ ልጆቹ ቀለሙን አስለቅቀው ጨርሰውታል፣ ፊደል የሚጻፍበት ኳስ እየፈለጉ ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ እኔን ጠይቁኝ፣ ራሴ ወስጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሱቅ አትምጡ፤ ዝግ ነው፣ ሜዳ ነኝ።